የእትዬ ሆድ በፊኛ ውስጥ

ሻለቃው ጦር ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ማዕረጉን የሰጡት አይጦች ናቸው። ጠዋት ወደ ቤተ ሙከራው የአይጥ ክፍል ሲገባ «ተሰለፍ!» ብሎ መጮህ ልማዱ ነበርና፣ አንድ ቀን አንዲት ነጭ አይጥ በኋላ እግሮቿ ቀጥ ብላ ቆመችለት። ያን ያዩ ባልደረቦቹ ሻለቃ አሉት፤ እሱም «ለጊዜው ይሁን» ብሎ ተቀበለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ማዕረጉ ያንሰዋል። የአይጥን ጢም አወዛወዝ አይቶ ምን እንዳለመች የሚናገር ሰው ከሰማይ በታች ቢፈለግ ከእሱ ሌላ አይገኝም። ድመቶች እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

የዚህ ሁሉ ግርማ ዘውዱ የግራ እጁ የትንሿ ጣት ጥፍር ነበረች። ረጅም፣ ሹል፣ እንደ መስተዋት የተወለወለች። እንዲህ ያለ ጥፍር የሚያሳድገው አዛዥ እንጂ ታዛዥ አይደለም ብሎ ያምናል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ግን በጉልህ የተጻፈ ደንብ አለ፦ ቀለበት፣ ሰዓት ወይም ያልተቆረጠ ጥፍር ይዞ እጅን ጓንት ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። ሻለቃው ለዚህም መላ አላጣም። ጠዋት ጠዋት ጥፍሯን በቁስል ፕላስተር ይጠቀልልና «ትንሽ ተቆርጬ ነው» ይላል። የማይድን ቁስል ይዞ ለዓመታት ሥራ ያልቀረ ጀግና በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጓንቶቹ ተራ ጓንቶች አልነበሩም። በክፍሉ መሐል፣ አልጋ የሚያህል ጠረጴዛ ላይ፣ በአየር የተነፋ የላስቲክ ድንኳን ተቀምጧል። ሁሉም ፊኛው ይሉታል። ሁለት ረጃጅም ጓንቶች ከፊኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሠራተኛው ከውጭ ቆሞ እጆቹን እስከ ብብቱ ያስገባና ውስጥ ያሉትን አይጦች ይንከባከባል። እጁ ይገባል እንጂ ቆዳው የውስጡን አየር አይነካም። አንዲት ማራገቢያ የተጣራ አየር ሳታቋርጥ ትነፋለች። የፊኛው አይጦች ሲወለዱ አንጀታቸው ውስጥ አንድም ባክቴሪያ አልነበረም። አሁን ያላቸው ከአንድ ሰው ሆድ የመጣ ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ የሻለቃው ታላቅ እህት ናት።

እትዬ የሰፈሩ ሳቅ ነበረች። እሷ ስትስቅ ጣሪያ ላይ ያረፈ ርግብ ይበራል፣ ሦስተኛው ቤት የተኛ ሕፃን ይነቃል፣ የተጣሉ ጎረቤቶች ለምን እንደተጣሉ ይጠፋቸዋል። ከዚያ ክፉ የሆድ ሕመም ያዛት። ተኝታ፣ መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ውጣ፣ እሷ ስትነሣ ሳቋ አብሯት አልተነሣም። መጋረጃ አትከፍትም። ስልክ ሲጮህ ትራስ ሥር ትቀብረዋለች። ባሏ «ምን ጎደለሽ?» ይላል፤ አማቷ «ሞልቃቃ» ትላለች። በመጨረሻ እትዬም አመነቻቸውና «ሰነፍ ሆኜ ነው» ማለት ጀመረች። ሻለቃውን አንጀቱን የበላችው ይህች ቃል ናት።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሯ ናት። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ፈገግታዋን ለክፉ ቀን የምታስቀምጥ ሴት። የእትዬን ነገር ሲነግራት ብዙ ጠየቀችው።

«ሆድና አንጎል ይነጋገራሉ» አለችው ያን ጊዜ። «ከአንጀት ወደ አንጎል የሚወጣ ረጅም ነርቭ አለ። ባክቴሪያዎቹ የሚያመርቱት ኬሚካል ያን ነርቭ ይነካካዋል። አንጎል ሴሮቶኒንን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ደግሞ ከምግብ ነው የሚመጣው። ሴሮቶኒን ስሜታችንና እንቅልፋችን ውስጥ እጁ ያለበት ኬሚካል ነው። ባክቴሪያዎቹ ያን ጥሬ ዕቃ ሊሻሙንም ይችላሉ። የእህትዎ ሕመም ይህ ነው ግን አላልኩም፤ ይታያል።»

ሻለቃው ይህን ለሰፈሩ ሲያወራ ነርቩ የባቡር ሐዲድ ሆነ፤ ባክቴሪያዎቹም ቤተ መንግሥት ገብተው ንጉሥ የሚያማክሩ ሽማግሌዎች። ናሙና ሲጠየቅ ራሱ ሄዶ አመጣ። ናሙናው ምን እንደሆነ መናገር ነውር ነው። በክዳን ዕቃ አድርጎ አውቶቡስ ሲሳፈር አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ምሳ ነው?» ቢለው፣ «የንግሥት ነው» ብሎ አለፈው። እትዬ ዕቃውን ስትሰጠው ዓይኑን ሳታየው «ከሆዴ ይሁን ከስንፍናዬ፣ እውነቱን ንገሩኝ» ብላ ነበር።

አይጦቹ የእትዬን ባክቴሪያ ካገኙ በኋላ ተለወጡ። ሲቦርቁ የነበሩት ግድግዳ ታከው መቀመጥ ጀመሩ። ጣፋጭ ውሃ ቢቀርብላቸው ዞር ብለው አያዩትም። በሌላ ክፍል ባለ ፊኛ የጤነኛ ሰው ባክቴሪያ የተሰጣቸው ግን እንደበፊቱ ይጫወታሉ። ጤነኛው ሻለቃው ራሱ ነው፤ «ናሙና ማን ይሰጣል?» ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ ነበር እጁን ያወጣው። እሱ እንደሚለው የእሱ አይጦች ደረታቸውን ነፍተው ይንጎራደዳሉ፤ ውሃ ሲጠጡም ጽዋ ያጋጫሉ።

ዶክተሯ ከእትዬ ሆድ የጠፋች አንዲት የባክቴሪያ ዘር ለይታለች። በማግስቱ እሷን ለአይጦቹ ሰጥታ ከግድግዳው ይለቁ እንደሆነ ልታይ ነው። ናሙናው አልቋል። እትዬም ከናሙናው በኋላ አዲስ መድኃኒት ስለጀመረች ሆዷ የያኔው ሆድ አይደለም። እንግዲህ የእትዬን ጥያቄ የሚመልስ ቦታ በምድር ላይ ካለ ያ ፊኛ ብቻ ነው። አንድ የውጭ ጀርም ከገባበት አለቀ፤ እትዬ ስንፍናዋን አምና ትኖራለች።

በዚያ ዋዜማ፣ ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው፣ ሻለቃው ብቻውን የአይጦቹን መኝታ ይቀይር ነበር። ስልኩ ከኋላው ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ተከፍቶ ተቀምጧል። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ለእትዬ ይደውላል፤ ስልክ የምታነሣው ለእሱ ብቻ ነው።

«ትሰሚያለሽ እትዬ? ዛሬ አንዷ አይጥ እጄን ሳመችኝ።»

«እህ።»

«ሁለት ጊዜ!»

«ጓንት አድርገህ የለም እንዴ?»

«ፍቅር ጓንት ያግደዋል?»

«ቀልማዳ» አለች እትዬ በደከመ ድምፅ።

ሻለቃው ቃሏን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ሰካት። እትዬ ሰው ከሰደበች ስንት ጊዜዋ! በደስታ የመኝታውን ሣጥን ሳብ ሲያደርግ፣ ላብ ያራሰው ፕላስተር ጓንቱ ውስጥ ተንሸራተተ። ትንሿ ጣቱ የሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተጫነች። «ጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ቀጭን ፉጨት። ቀዝቃዛ አየር ከጣቱ ጫፍ ተነሥቶ ክንዱን ሽው አለው።

ጣቱን ወደ ኋላ አሸሸና ባዶውን የጓንት ጫፍ በቀኝ እጁ ጠምዝዞ ያዘ። ፉጨቱ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለች እትዬ።

«ምንም። ሦስተኛዋን ስማኝ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ብቻውን ያለ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም። ክንዱን ላውጣ ቢል በላብ የተጣበቀው ጓንት አብሮት ይገለበጣል፤ ቀዳዳዋም ከቀኝ እጁ ታመልጣለች። ከውጭ ሆኖ የጓንቱን አፍ ይዞ የሚያስር ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ቢሆንም ማራገቢያዋ እስከነፋች ድረስ አየር ይወጣል እንጂ አይገባም። ባልደረቦቹ ከምሳ እስኪመለሱ እንደ ሐውልት መቆም ነው። ሐውልት ደግሞ ለእሱ ድሮም ሊቆምለት ይገባ ነበር።

ይህን አስቦ ሳይጨርስ መብራት ጠፋ።

ማራገቢያዋ እየተጎተተች፣ እያቃሰተች፣ ዝም አለች። ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ እንዲህ ያለ ዝምታ አልነበረም። ከግቢው ጥግ ጄኔሬተሩ አስነጠሰ፣ አጓራ፣ እንደገና አስነጠሰና ተኛ። ከላይ ካለችው ጠባብ መስኮት በሚገባው ብርሃን የፊኛው ጣሪያ ቀስ እያለ ሲጨማደድ ይታያል። ከእንግዲህ ክንዱን ትንሽ ቢያነቃንቅ ፊኛው እንደ ወናፍ የክፍሉን አየር በዚያች ቀዳዳ ይምገዋል።

«ሰዎች!» ብሎ ጮኸ። «ማን አለ እዚያ?»

በሩ ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ነው። ጀርም የማያሳልፍ በር ጩኸትም አያሳልፍም።

«ለምን ትጮሃለህ?» አለች እትዬ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይህን ዝጊና ለዶክተሯ ደውይላት። ቁጥሯ ስልክሽ ውስጥ አለ፤ እኔው ነኝ የመዘገብኩልሽ።»

ከወዲያ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

«እትዬ?»

«አንተ ደውልላት።»

«እጄ ተይዟል።»

«በምን?»

«በሥራ ነዋ! ትልቅ ሥራ። እንዲያውም በዚህ ክፍል ታሪክ እንዲህ ያለ ሥራ...»

«ስትዋሽ ድምፅህ ይወፍራል» አለችው። «ከልጅነትህ ጀምሮ።»

ላቡ ከግንባሩ ወርዶ፣ ቅንድቡን ተሻግሮ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሊጠርገው አይችልም። የፊኛው ጣሪያ ሣጥኖቹን ሊነካ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ሻለቃው በሕይወቱ ብዙ ከባድ ነገር አንሥቷል፤ እሱ እንደሚለው አንድ ጊዜ ፒያኖ ለብቻው ፎቅ አውጥቷል። እውነት ግን እንደዚያን ቀን ከብዳው አታውቅም።

«ጓንቱ ተቀደደ፣ እትዬ። ቀዳዳውን በእጄ አፍኜ ይዣለሁ። መብራት ጠፋ። ብለቀው ያንቺ አይጦች ይበላሻሉ።»

«ምን ቀደደው?»

«ጥፍሬ።»

«ያቺ?»

«ያቺ።»

«ቁረጣት፣ ቁረጣት እያልኩህ...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ተወው። ልቀቀው በቃ። ለእኔ የታሰበ ነገር መቼ ቀንቶ ያውቃል? ሁሉም እኮ የሚሉት እውነት ነው፤ እኔ ነኝ እንጂ ሆዴ ምን አደረገ?»

«አልለቅም!»

«እጅህ ይዝላል።»

«ይዛል። አንቺ ብቻ ደውይላት።»

«አልችልም! ምን እላታለሁ? ስልኩን ሳየው ልቤ... አንተ አታውቀውም። ጉሮሮዬ ይዘጋል።»

«'ፊኛው' በያት። አንዲት ቃል። ሌላ ነገር አትጠይቅሽም፤ ትሮጣለች።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ልትደውል ይሁን፣ ስልኩን ትራስ ሥር ቀብራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ይሁን፣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ተመልሶ ሊደውል እጅ የለውም። ሊጠብቃት ብቻ ነው የሚችለው፤ ያቺን ሰላምታ ለመመለስ እንኳ ቀኑን ሙሉ ጉልበት የምታሰባስብ ሴት።

ላስቲኩ ወርዶ የመጀመሪያውን ሣጥን ነካ። አይጦቹ ደነገጡ፤ ተጋፍተው ወደ ጥግ ሸሹ። አንዷ ግን መሄጃ አጥታ ሻለቃው እጅ ላይ ወጣች። ጓንቱን አሸተተች። ከዚያ ልክ ከጨበጠው ጫፍ አጠገብ በጥርሷ ትከረትፈው ጀመር።

«ተይ» አላት በሹክሹክታ። «ተይ የኔ እመቤት። ሻለቃሽ ነኝ።»

አልተወችም። ማዕረግ የማታውቅ አይጥ! ሊያባርራት ጣቱን ቢያንቀሳቅስ ቀዳዳዋ ትከፈታለች፤ ዝም ቢላት ሌላ ቀዳዳ ልትከፍት ነው። ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ መንቀጥቀጥ ያዘ። ስለ እትዬ ማሰብ አልፈለገም፤ ግን ከእሷ ሌላ የሚያስበው አልነበረውም። መጋረጃው የተዘጋበት ክፍል፣ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የምታይ። የአይጧ ጥርስ ላስቲኩን ሳይበሳ ቆዳውን ጫን ሲለው ተሰማው። «እባክሽ» አለ፤ ለየትኛዋ እንዳለ እሱም አያውቅም።

በሩ ተበረገደ።

ዶክተሯ እያለከለከች ገባች፤ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው። «ደርሻለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ነኝ። አይዝጉት፣ እህቴ፣ አይዝጉት» እያለች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንድ ጊዜ ፊኛውን፣ አንድ ጊዜ ሻለቃውን አየች። የሆነውን ለማወቅ ሌላ አላስፈለጋትም። «አይተንፍሱ። ስልዎ ብቻ፣ ቀስ ብለው።»

የግራውን ጓንት አፍ ከትከሻው ሥር ያዘችለት። ቀኝ እጁ ከውስጥ ጫፉን እንደጠመዘዘ፣ ግራ ክንዱን እንደ ቀንድ አውጣ ሳበው። እጁ እንደወጣ ዶክተሯ የባዶውን ጓንት አፍ በመቆንጠጫ ነከሰችው፣ በጎማ ጠፍራ አሰረችው፣ ዙሪያውን ጀርም ገዳይ ረጨችበት። ያኔ ጄኔሬተሩ በኩራት አጓርቶ ተነሣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ማራገቢያዋ መንፋት ጀመረች፤ ጣሪያው ተነሣ።

ዶክተሯ በላስቲኩ ውስጥ ጓንቱን አጎንብሳ መረመረች። የጥርስ ምልክት ተደርድሮ ይታያል።

«አይጥ ናት የነከሰችው?» አለች። ትከሻዋ ትንሽ ወረደ። «እንኳን እሷ ሆነች። የእሷ ጥርስ የተሸከመው ያንኑ የፊኛውን ባክቴሪያ ነው። ነገ እንቀጥላለን።»

ከጥፋቱ ማምለጫ በር በራሱ ተከፈተለት። ሻለቃው ዓለም ሁሉ «አዎ በል» እያለ ሲገፋው ተሰማው። ለእንዲህ ያለ አጋጣሚ ደግሞ ከእሱ የተሻለ አንደበት ያለው ማን አለ? አይጧን አንበሳ የሚያህል ማድረግ ይችል ነበር። ነገር ግን ከጥፍሩ የገባ ነገር ካለና ዝም ካለ፣ እትዬ የምትሰማው መልስ የእሷ ሆድ ሳይሆን የእሱ ጥፍር ሊሆን ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አልተዘጋም። እትዬ ታዳምጣለች።

ፕላስተሩን ላጠው። «አይጧ በኋላ ነው የመጣችው። የቀደደው ይሄ ነው።»

ዶክተሯ ጥፍሯን አየቻት። ደጋግማ አየቻት። «ጥፍር» አለች፤ ከዚያ አክብሮቱ ሁሉ ከአፏ ረገፈ። «ጥፍር! አንተ ሰውዬ፣ ጤና አለህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ቁስል ነው ስትለኝ...»

«ዶክተር፣ ጥፋቱ...»

«ዝም በል! እጅህን አምጣ።»

መቀስ አነሣችና ራሷ ቆረጠቻት። የተቆረጠችውን በመቆንጠጫ ይዛ የናሙና ብልቃጥ ውስጥ ከተተች። «ምን እንደተሸከመች እናሳድጋለን። ከዚያ ያው ነገር ፊኛው ውስጥ ተገኝቶ እንደሆነ እንፈልጋለን። ከተገኘ ሙከራው ይዘጋል።»

ከስልኩ አንድ ድምፅ ወጣ። ሳል ይሁን ሌላ ነገር ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ውጤት የተጠበቀባቸው ቀናት ለሻለቃው ከአርባ ዓመት በረሃ የረዘሙ ነበሩ። እጁን ጓንት ውስጥ እንዳያስገባ ታገደ፤ ወለል ይጠርጋል፣ ጠርሙስ ያጥባል። «ተሰለፍ!» ማለት ትቷል። ማታ ማታ ግን ስልኩ ይጮሃል። የምትደውለው እትዬ ናት።

«ከፊኛው የበቀለ ነገር አለ?» ትላለች።

«አልታወቀም።»

«እሺ» ትልና ትዘጋለች።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ብልቃጦቹን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠች። ከሻለቃው ጥፍር የበቀለው ጫካ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሽበት የመሰለ፣ ስም ያለውም የሌለውም። ከፊኛው ከተወሰደው ሁሉ ግን አንዱም አልተገኘም። ሻለቃው ይህ የእጁ ጥንካሬ ውጤት መሆኑን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ ዶክተሯ «እህትዎ ባይደውሉ ኖሮ የእጅዎን ጥንካሬ እናየው ነበር» አለችው። ሻለቃው ወደ ጠርሙሶቹ ተመለሰ።

የጠፋችው የባክቴሪያ ዘር ለአይጦቹ ተሰጠች። ሳምንታት አለፉ። እትዬ አንድ ረፋድ ላይ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ቀሚሷን ተኩሳ፣ በአውቶቡስ መጣች። መግቢያው ላይ ሻለቃው ሲያያት የያዘው ጠርሙስ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ከስታለች፤ እግሯ ይከብዳል፤ ቆማ ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረባት።

ዶክተሯ ወደ ፊኛው አቀረበቻት። አብዛኞቹ አይጦች መሐል ላይ ናቸው፤ እየተጋፉ ከጣፋጩ ውሃ ይጠጣሉ። አንዷ ብቻ ጥግ ይዛ ቀርታለች።

«አይጥ ሰው አይደለችም» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ሁሉም ከሆድዎ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ይህን ለእርስዎ መድኃኒት ለማድረግም ገና ነን። የጀመሩትን ሕክምና አያቋርጡ። ግን የእርስዎ ባክቴሪያ ሲገባባቸው ግድግዳ ያዙ፤ የጎደለው ሲሞላላቸው ብዙዎቹ ለቀቁ። በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው።»

እትዬ ላስቲኩን በመዳፏ ነካ አደረገችው።

«ግድግዳ ይዘው በነበረ ጊዜ» አለች። «ያን ጊዜ ሰነፎች ናችሁ ያላቸው ሰው ነበር?»

ዶክተሯ ወደ አይጦቹ ዞረች። «ማንም አላለም። ምን ነካቸው ነው ያልነው።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ደጋግማ ነቀነቀች። ሻለቃው ወንበር አመጣላት፤ ፊኛው ፊት ለፊት፣ ጥግ ከያዘችው አይጥ ትይዩ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያቺን ታያታለሽ እትዬ? እሷን እኮ እኔ አንድ ቀን ብቻ ባነጋግራት...»

«ዝም በል» አለችው፤ ዓይኗን ሳትነቅል። «እያየኋት ነው።»